የቆሽት ካንሰር በቤተሰብ ሲደጋገም፦ ማን ይመርመር? በምን ይመርመር? ክትትልስ ለማን?

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር አባታቸውን በቆሽት ካንሰር ያጡት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ከዚያ እህታቸው ሩት በ1983፣ ወንድማቸው ቢሊ በ1988፣ ሌላዋ እህታቸው ግሎሪያ በ1990 በዚሁ በሽታ ሞቱ። ሩት 54 ዓመቷ ነበር። ቢሊ 51። ካርተር ግን በ2024 መጨረሻ ሲያርፉ 100 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። እሳቸውን ከእህት ወንድሞቻቸው የለያቸው ነገር ሲጋራ አለማጨሳቸው እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛ ቤት ሲያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ "ዘራችን ነው፣ ምን ይደረጋል" ይባልና ዝም ይባላል። ወይ ደግሞ ለቅሶው ሳያልቅ ልጆቹ ሁሉ ሲቲ ስካን ለመነሳት ይሯሯጣሉ። ዝምታው ሰው ያስበላል። ሩጫው ደግሞ ገንዘብና እንቅልፍ ይበላል፤ ብዙ ጊዜም ያለ መልስ ይመልሳል።

ምርጫው ብዙ ነው። የጂን ምርመራ አለ፣ ኤምአርአይ አለ፣ በኢንዶስኮፒ የሚገባ አልትራሳውንድ አለ፣ የደም ምርመራ አለ፣ ምንም አለማድረግም አለ። ከሁሉም በፊት ግን ቅደም ተከተሉ ነው የሚያሳስበኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው መሣሪያ ይሻላል?" ሳይሆን "የማን ደም ይወሰድ?" ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቤተሰብ በኋላ የቱንም ያህል ቢያወጣ መልሱ ጎደሎ ይሆናል።

መጀመሪያ አደጋው ምን ያህል ነው?

በአሜሪካ አኃዝ አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የቆሽት ካንሰር የሚይዘው ዕድል 1.7 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶ ሰው ሁለት አይሞላም። ከታማሚዎቹ ውስጥ ደግሞ በዘር ከሚወረስ ነገር ጋር የሚያያዙት ከአሥር አንዱ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ አንድ አጎት በዚህ በሽታ ስለሞተ ብቻ ቤተሰቡ በሙሉ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም።

ሲደጋገም ግን ነገሩ ይለወጣል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የወጣ ጥናት አለ። በሽታው በተደጋገመባቸው ቤተሰቦች ውስጥ አንድ የቅርብ ዘመድ የታመመበት ሰው አደጋው ከሌላው ሕዝብ 4 እጥፍ ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ከሆኑ 6 እጥፍ አለፈ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 32 እጥፍ ደረሰ።

"የቅርብ ዘመድ" ሲባል እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ በእናትም በአባትም የምትገናኙት እህትና ወንድም ብቻ ነው። እኛ አብሮን ያደገውን የአክስት ልጅ "ወንድሜ" ብለን እናስተዋውቃለን። ለሐኪሙ ግን በሥጋ እንዴት እንደምትገናኙ ለይታችሁ ንገሩት። በእናት ብቻ የምትገናኙትን እህትም "በእናት" ብላችሁ አስጽፉ። አንድ ሰው በስህተት ከተቆጠረ የአደጋው ስሌት በሙሉ ይዛባል።

የቤተሰብ ታሪኩን ማጣራት

ይህ ነጻ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን እሱ ያደክማል። ብዙ ቤት ውስጥ "ካንሰር" የሚለው ቃል በሕመምተኛውም ፊት በልጆቹም ፊት አይነሳም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲጠየቅ የሚሰማው "ጨጓራ ነበር"፣ "ወፍ በሽታ ይዞት"፣ "ስኳሩ አመነመነው" የሚል ነው።

እነዚህን ሦስት መልሶች አትናቁ። የቆሽት ካንሰር የሐሞት ቱቦን ሲዘጋ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመርት አካል ስለሆነም ካንሰሩ ከመታወቁ ጥቂት ጊዜ ቀደም ብሎ ስኳር ሊጀምር ይችላል። ሕመሙም ከጨጓራ ሥር ወደ ጀርባ ይዞራል። እንዲያም ሆኖ ቢጫ ሆኖ የሞተ ሁሉ የቆሽት ካንሰር ነበረበት ማለት አይቻልም፤ የጉበት በሽታ፣ የሐሞት ጠጠርም ሊሆን ይችላል። ወረቀት ፈልጉ። የሲቲ ስካን ውጤት፣ የባዮፕሲ (ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ወረቀት፣ የሆስፒታል መውጫ ደብዳቤ። እነዚህ ብዙ ጊዜ በእናት ሳጥን ውስጥ ወይም በአልጋ ራስጌ በፌስታል ተጠቅልለው ይገኛሉ። ካልተገኙ "የተጠረጠረ" ብላችሁ ጻፉት እንጂ "የተረጋገጠ" አትበሉ።

ስትጠይቁ ስለ ቆሽት ብቻ አትጠይቁ። የጡት፣ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል ማመንጫ)፣ የፕሮስቴት፣ የአንጀት ካንሰር በቤተሰቡ ካለ ከነዕድሜው ይጻፍ። በአባት ወገን ያለውም እኩል ይቆጠራል። ሲለወጡ ለካንሰር የሚያጋልጡት ቢአርሲኤ፣ በተለምዶ ብራካ የሚባሉት ጂኖች "የሴት ጉዳይ" እየተባሉ ወንዶች ይዘለላሉ። ለውጡ ያለበት አባት ለሴት ልጁም ለወንድ ልጁም ሊያወርሰው ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ማን ቀድሞ ይመርመር፦ የታመመው ወይስ ጤነኛው?

ብትጠይቁኝ የማያሻማ መልስ አለኝ። የታመመው ሰው በሕይወት ካለ እሱ ይቅደም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አባት ታሟል እንበል። ልጁ ጤነኛ ነው። ልጁ ተመርምሮ "ምንም አልተገኘም" ቢባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ አባትየው የጂን ለውጡ አለው፣ ልጁ ግን አልወረሰውም። ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ሁለተኛ፣ አባትየው ራሱ ምርመራው የሚያውቀው ዓይነት የጂን ለውጥ የለውም፤ የቤተሰቡን በሽታ ያመጣው ሌላ፣ ገና ያልታወቀ ነገር ነው። ይህ ደግሞ ልጁን ነጻ አያወጣውም። የአባት ውጤት ከሌለ ልጁ የትኛው ላይ እንዳለ ማወቅ አይችልም።

የአባት ውጤት ካለና አንድ የታወቀ ለውጥ ከተገኘ ነገሩ ይቀልላል። ልጆቹ ለዚያች አንዲት ለውጥ ብቻ ይመረመራሉ። ያልወረሰው በዚያ ለውጥ ምክንያት የሚመጣው አደጋ ይወርድለታል። የወረሰው ደግሞ ምን እንደሚከታተል ያውቃል።

ለታማሚውም ራሱ ጥቅም አለው። በቢአርሲኤ 1፣ በቢአርሲኤ 2 ወይም ፓልቢ 2 በሚባለው ሌላ ጂን ለውጥ የመጣ ዕጢ ፕላቲነም ላለባቸው የኬሞ መድኃኒቶች የተሻለ ምላሽ የመስጠት ዝንባሌ አለው። በ2019 የወጣው ፖሎ የተባለው ጥናት ደግሞ በሽታው ለተሠራጨባቸውና በዘር የወረሱት የቢአርሲኤ ለውጥ ላለባቸው ሕሙማን ኦላፓሪብ የተባለውን እንክብል ፈትሿል። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ3.8 ወር ወደ 7.4 ወር ከፍ ብሏል። አጠቃላይ ዕድሜን ማራዘሙ ግን አልታየም። ይህንን ልዩነት ሐኪሙ በግልጽ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ የካንሰር ማዕከላት ኅብረት መመሪያ ዛሬ የቆሽት ካንሰር የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ የቤተሰብ ታሪክ ኖረውም አልኖረው፣ የጂን ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል።

ከባዱ ነገር ጊዜው ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚታወቅ ሕመምተኛው የሚቆየው ወራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ደግሞ "አሁን እሱን በምርመራ አናስጨንቀው" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን የሚፈለገው አንድ ብልቃጥ ደም ወይም ምራቅ ነው። ለሌላ ምርመራ ደም በሚቀዳበት ቀን አብሮ ሊቀዳ ይችላል። የምታደርጉት ከሆነ አሁን አድርጉት። ገንዘቡ አሁን ካልሞላ አንዳንድ አገር ናሙናውን አስቀምጦ በኋላ መመርመር ይቻላል፤ ጠይቁ።

ታማሚው ካረፈ በኋላ ከሆነ የምታነቡት፣ ካንሰር ከያዘው ሌላ የሥጋ ዘመድ ጀምሩ፤ ለምሳሌ የጡት ወይም የእንቁልጢ ካንሰር የያዛት አክስት። እሷም ከሌለች ለሟቹ በሥጋ በጣም የቀረበው ሰው ይመርመር። 

የትኛው የጂን ምርመራ?

እዚህ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ።

ቤት ድረስ የሚላከው፣ ምራቅ ተፍተው በፖስታ የሚመልሱት ዓይነት አለ። አሜሪካ ላሉ ወገኖች በጣም የተለመደ ነው፤ ለዘር ሐረግ ብለው ይገዙታል። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት በ2018 ፈቃድ ሲያገኝ የሚያየው ሦስት የቢአርሲኤ ለውጦችን ብቻ ነበር። ሦስቱም በዋናነት በአሽከናዚ (ዘራቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ በሆነ) አይሁዶች ዘንድ የሚገኙ ናቸው። በኋላ ዝርዝሩ ሰፍቷል። ሆኖም በሁለቱ ጂኖች ላይ የሚታወቁት ጎጂ ለውጦች በሺዎች ይቆጠራሉ። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከዚያ የመጣ "አልተገኘም" የሚል መልስ የሚያጽናና አይደለም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያንም ይህን ይያዙት። በአሽከናዚ ለውጦች ላይ ብቻ ያተኮረ አጭር ምርመራ ቢሰጣችሁ ጂኖቹ በሙሉ እንዲነበቡ ጠይቁ።

ሁለተኛው ከዕጢው በተወሰደ ሥጋ ላይ የሚሠራ ምርመራ ነው። ይህ ካንሰሩ ራሱ ምን ለውጥ እንዳለው ያሳያል። አብዛኛው ለውጥ በዕጢው ውስጥ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የመጣ አይደለም። "ዕጢው ተመርምሯል" ሲባል "የዘር ምርመራውም አልቋል" ብላችሁ አትቀመጡ።

ሦስተኛው በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ፣ ብዙ ጂኖችን በአንድ ጊዜ የሚያነብ የደም ወይም የምራቅ ምርመራ ነው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ቢያንስ ቢአርሲኤ 1፣ ቢአርሲኤ 2፣ ፓልቢ 2፣ ኤቲኤም፣ ሲዲኬኤን2ኤ፣ ኤስቲኬ11፣ ቲፒ53 እና የሊንች ሲንድሮም (በዘር የሚወረስ ለአንጀትና ለሌሎች ካንሰሮች የመጋለጥ ችግር) ጂኖች መኖራቸውን አረጋግጡ። በቤተሰቡ ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስ የቆሽት መቆጣት (ፓንክሪያታይተስ) ካለ ፒአርኤስኤስ1 የተባለውም ይጨመር። አንድ ጂን ብቻ ነጥሎ መመርመር የሚያዋጣው ለውጡ በዘመድ ላይ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ያኔ ደግሞ ርካሽም ፈጣንም ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች አንድ ሰው ላይ ለውጥ ሲገኝ የቅርብ ዘመዶቹን ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ወይም በቅናሽ ይመረምራሉ። ቀኑ ሳያልፍ ጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ "አለ" እና "የለም" ብቻ አይደለም። "ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ" የሚል ሦስተኛ መልስ አለ። ለእኛ ሰው ይህ መልስ ይበዛል። ምክንያቱም ላቦራቶሪዎቹ የሚያነጻጽሩበት የመረጃ ቋት በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች የተሰበሰበ ነው። ይህን ውጤት ይዛችሁ አትደናገጡ። ልጆቻችሁን በእሱ ምክንያት አታስመርምሩ፣ ቀዶ ጥገናም አትወስኑ። እንዲህ ያሉ ለውጦች ከጊዜ በኋላ ትርጉማቸው ሲታወቅ አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ። በየጥቂት ዓመቱ ላቦራቶሪውን "አዲስ ነገር አለ?" ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር። በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ሰጪና ብዙ አሠሪዎች የጂን ውጤታችሁን ተጠቅመው እንዳያገልሏችሁ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን፣ የአካል ጉዳት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። ጤነኛ ሆናችሁ የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከምርመራው በፊት ጨርሱት።

ክትትል ለማን ይሆናል?

ለሁሉም አይደለም። በ2019 የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ምልክት የሌለውና የተለየ አደጋ የሌለው ሰው ለቆሽት ካንሰር እንዳይመረመር መክሯል። ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል ብሎ ነው።

አንድ የቅርብ ዘመድ ብቻ ከታመመ፣ የጂን ለውጥም ካልተገኘ፣ በአብዛኛው የየዓመት ክትትል አይመከርም። ብዙ አንባቢ የሚገኘው እዚህ ቦታ ላይ ነው። እናት በ75 ዓመቷ በቆሽት ካንሰር ስለሞተች በየዓመቱ ኤምአርአይ መነሳት የለባችሁም።

ክትትሉ የሚታሰበው በሁለት መንገድ ለሚመጡ ሰዎች ነው። አንዱ መንገድ የቤተሰብ ታሪክ ነው። እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመድ የሆኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ታመው፣ እናንተ ከሁለቱ ላንዱ የቅርብ ዘመድ ከሆናችሁ። ሌላው መንገድ ጂን ነው። ቢአርሲኤ 2፣ ኤቲኤም ወይም ፓልቢ 2 ሆኖ በቤተሰብም የታመመ ሰው ካለ። ኤስቲኬ11 ወይም ሲዲኬኤን2ኤ ከሆነ ግን የቤተሰብ ታሪክ ባይኖርም ይጀመራል፤ የእነዚህ አደጋ በጣም ከፍ ያለ ነው። ፒአርኤስኤስ1 ይዞ የሚመላለስ የቆሽት መቆጣት ያለበትም እዚሁ ይመደባል።

የመጀመሪያ ዕድሜው በቤተሰብ ታሪክ ብቻ ለሚመጡት 50 ገደማ ነው። ወይም ከቤተሰቡ በትንሹ ዕድሜ ከታመመው ሰው 10 ዓመት ቀደም ብሎ። ቢሊ ካርተር በ51 እንደሞተ አስታውሱ። በእንዲህ ያለ ቤት 50 ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ መዘግየት ነው። ሲዲኬኤን2ኤ ላለበት 40፣ ኤስቲኬ11 ላለበት እንደ መመሪያው ከ30ዎቹ እስከ 40 ባለው ጊዜ ይጀመራል።

በምን ይታይ?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ወደ አከርካሪው ተጠግቶ ነው የተኛው። መሣሪያዎቹ የሚለያዩት እዚያ ድረስ ምን ያህል ያያሉ በሚለው ነው።

አገር ቤት መጀመሪያ የሚታዘዘው ተራው የሆድ አልትራሳውንድ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ለሐሞት ጠጠርና ለጉበት ጎበዝ ነው። ለቆሽት ግን የአንጀትና የጨጓራ አየር ይጋርደዋል፤ ትንሽ ዕጢ ሊያልፈው ይችላል። "አልትራሳውንድ ታይቼ ነጻ ነህ ተባልኩ" የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር እጨነቃለሁ። ነጻ የተባለው ሐሞቱ ሊሆን ይችላል።

ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራም እንደዚሁ ነው። ታማሚውን በሕክምና ላይ ለመከታተል ይረዳል። ጤነኛን ለመፈተሽ ብቻውን አይሆንም። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ያለ ካንሰርም ይጨምራል። አንዳንድ ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይህን ንጥረ ነገር አያመርትም፤ ካንሰር ቢኖርበትም ቁጥሩ አይነሳም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ከጥቁር ሕዝቦች መካከል በርከት ይላሉ።

ሲቲ ስካን አንድ ነገር ሲጠረጠር በጣም ጠቃሚ ነው፤ ቀዶ ጥገና ይቻላል አይቻልም የሚለውንም ያሳያል። በየዓመቱ ለ20 ዓመት ለመደጋገም ግን ጨረሩ ይከማቻል። ኤምአርአይ ውስጥ መግባት ለማይችል ሰው ምትክ ይሆናል።

ስለዚህ እውነተኛው ፉክክር በሁለቱ መካከል ነው፦ ኤምአርአይ እና ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ።

ኤምአርአይ የቆሽትና የሐሞት ቱቦዎችን ለይቶ ከሚያሳየው ኤምአርሲፒ ከሚባለው ክፍሉ ጋር ነው መታዘዝ ያለበት። ጨረር የለውም፣ ማስተኛ መድኃኒት አያስፈልገውም። ለጥቂት ሰዓት ሳትበሉ ትሄዳላችሁ። አንዳንድ ቦታ ከመግባታችሁ በፊት አናናስ ጭማቂ ያጠጧችኋል፤ ጭማቂው ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ የጨጓራውን ፈሳሽ በምስሉ ላይ ስለሚያጠቁረው ቱቦዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ከዚያ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ ትተኛላችሁ። ማሽኑ ያንኳኳል። በማጉያው "ትንፋሽ ያዙ" ትባላላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ እንደገና ትይዛላችሁ። ትንፋሹን በደንብ ያልያዘ ሰው ምስሉ ይደበዝዛል፤ እቤት ሆናችሁ 20 ሰከንድ መያዝ ተለማመዱ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ሰውነት ውስጥ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ካለ መጠየቅ ግዴታ ነው። ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር ስለሚሰጠው ቀለም ተነጋገሩ። ኤምአርአይ ውሃ የቋጠሩ ሲስቶችን ለማየት በጣም ጥሩ ነው፤ ሌሎች የሆድ አካላትንም አብሮ ያሳያል።

ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ሌላ ነገር ነው። በአፍ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ ትንሽ አልትራሳውንድ አለው። ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ቆሽትን ከጎኑ ሆኖ ያየዋል፤ አየር አይጋርደውም። ጠጣር ትናንሽ ዕጢዎችን በማግኘት ከኤምአርአይ ይበልጣል። አንድ ነገር ካየ እዚያው በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ችግሩስ ምንድነው? ማስተኛ መድኃኒት ይሰጣችኋል፣ ቀኑን መኪና መንዳት አትችሉም፣ የሚወስዳችሁ ሰው ያስፈልጋል። በመርፌ ሲወሰድ አልፎ አልፎ የቆሽት መቆጣት ወይም መድማት ሊያስከትል ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ በሐኪሙ እጅና ዓይን ይወሰናል። በዓመት ጥቂት የሚሠራና በሳምንት ብዙ የሚሠራ ሐኪም አንድ አይደሉም። "እርስዎ ይህን በብዛት ይሠራሉ ወይ?" ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም።

ሁለቱም ባሉበት ቦታ ብዙ ማዕከላት እያፈራረቁ ይጠቀሙባቸዋል፤ ዘንድሮ አንዱን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን። እኔም ይህን እመርጣለሁ። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ልምድ ያለው የኢንዶስኮፒ ሐኪም በሌለበት ከተማ ኤምአርአይ ይሻላል። የኤምአርአይ ምስል በሲዲ ተይዞ ሌላ አገር ላለ ባለሙያ ሊላክ ይችላል። የኢንዶስኮፒው ግን ባየው ሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነው። ምንም ካልታየ ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደገማል፤ የከፋ ከሆነ ቶሎ።

መግባት ወይስ አለመግባት?

ክትትሉ እንደሚጠቅም ምን ማስረጃ አለ? በአሜሪካ ከፍተኛ አደጋ ያለባቸውን ከ1,700 በላይ ሰዎች የተከታተለ ጥናት ውጤት በ2024 ወጥቷል። በክትትል 26 ካንሰር ተገኘ። ከእነዚህ 38 በመቶ የሚሆኑት ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግማሾቹ በሕይወት ነበሩ። ያለ ክትትል የታወቀባቸው ተመሳሳይ ሕሙማን ግን 9 በመቶ ብቻ።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ከ1,700 ውስጥ 26 ማለት የሌሎቹ የየዓመቱ ውጤት በአብዛኛው "ምንም የለም" ወይም "ትንሽ ሲስት አለ፣ እንከታተል" ነው ማለት ነው። ያ ሲስት ሰው እንቅልፍ ይነሳል። አንዳንዴም ቀዶ ጥገና ተደርጎ የወጣው ነገር ጉዳት የሌለው ሆኖ ይገኛል። የቆሽት ቀዶ ጥገና ከሆድ ቀዶ ጥገናዎች ከከባዶቹ አንዱ ነው። ብዙ ቆሽት ከወጣ ስኳር ይከተላል። ቀዶ ጥገናው ብዙ በሚሠራበት ሆስፒታል ሲደረግ የሞት አደጋው ያንሳል። ስለዚህ ክትትል ከመጀመራችሁ በፊት "አንድ ነገር ቢገኝ ቀዶ ጥገናው የት ነው የሚደረግልኝ?" የሚለው መልስ ይኑራችሁ። መልስ ከሌለ ምርመራው ጭንቀት ብቻ ነው የሚያተርፈው።

በሌላ ከባድ ሕመም ምክንያት ቀዶ ጥገና የማይችል ሰው ክትትል ውስጥ መግባት የለበትም። በእርጅና ምክንያት መቀጠል የማይጠቅምበት ጊዜም ይመጣል። ይህን ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

መግባትን የመረጠም ያልመረጠም፣ ሲጋራ ያቁም። ሺሻም ትንባሆ ነው። ማጨስ የዚህን ካንሰር አደጋ እጥፍ ገደማ ያደርገዋል፤ በዘር አደጋ ባለባቸው ቤተሰቦች ደግሞ በሽታው በለጋ ዕድሜ እንዲመጣ ያደርጋል። ከኤምአርአይና ከሲጋራ ማቆም አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ሲጋራውን አቁም ነው የምለው።

አገር ቤትና ውጭ የተከፋፈለ ቤተሰብ

አባት አዲስ አበባ ታሟል፣ ልጆቹ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ቴል አቪቭ፣ አንዷ ዱባይ ናቸው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። አገር ቤት የጂን ምርመራ ናሙና ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ተልኮ ነው የሚሠራው፤ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ይወጣል። ልጆቹ "እኛው እዚህ በኢንሹራንስ እንመረመር" ይላሉ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ግን ቅድም እንዳልኩት የአባት ውጤት ከሌለ የእነሱ "የለም" ግማሽ መልስ ነው። ለሦስቱ ልጆች ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ አዋጥተው የአባትን ናሙና ማስመርመር ይበልጣል። በውጭ ያለው ልጅ የጄኔቲክ አማካሪ ካገኘ አማካሪው ናሙናው እንዴት እንደሚላክ ያውቃል።

ውጤቱ በማን እጅ እንደሚቆይም ተነጋገሩ። ለውጡ ከተገኘ የጂኑ ስምና የለውጡ ትክክለኛ መለያ ያለበት ወረቀት በፎቶ ተነሥቶ ለሁሉም ይላክ። "አባታችን የዘር ነገር አለበት ተባለ" የሚል የስልክ ወሬ ይዞ ላቦራቶሪ የሄደ ሰው ለዚያች አንዲት ለውጥ ሊመረመር አይችልም፤ እንደ አዲስ በሙሉ ይጀምራል።

አገር ቤት ያለው ወንድም ደግሞ ኤምአርአይ በየዓመቱ ላይሆንለት ይችላል። እሱ እነዚህን ምልክቶች ይወቅ፦ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት መጥቆር፣ ሰገራ መንጣት፣ ሳይጾሙ ኪሎ መቀነስ፣ ወደ ጀርባ የሚዞር የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ከ50 ዓመት በኋላ በድንገት የመጣ ስኳር። ከነዚህ አንዱ ሲታይ በተራው አልትራሳውንድ ብቻ አይመለስ። "በቤተሰቤ የቆሽት ካንሰር አለ" ብሎ ለሐኪሙ ይንገርና ለቆሽት ተብሎ የሚሠራ፣ ቀለም የሚሰጥበት ሲቲ ስካን ይታዘዝለት እንደሆነ ይጠይቅ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ሳምንት ይሂድ።